የኩሬዬ ውሃ የጠራው እንዲህ ነው
ኩሬዬ አረንጓዴ ሲሆንብኝ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩት። ስህተት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ የሚባል ተክል መሰል ነገር ነው፤ የሚኖረውም በፀሐይና በምግብ ነው። ምግቡ ደግሞ የበሰበሰ ቅጠል፣ የዓሣ ቆሻሻና ዓሦቹ ሳይበሉት የሰጠመ መኖ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥላ ስጡት። ቅጠላቸው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክሎች የኩሬውን ግማሽ ያህል ይሸፍኑት። መኖም ቀንሱ፣ ዓሦቹ ወዲያው የሚጨርሱት ብቻ ይበቃል። የረገፈውን ቅጠል ሳይሰጥም ልቀሙ።

እንደ ክር የሚጎተተውን አልጌ ሻካራ እንጨት አስገብታችሁ እንደ እንዝርት አሽከርክሩት፤ ተጠቅልሎ ይወጣል። በአንዴ ጠራርጋችሁ እንዳትጥሉት አደራ! ኩሬው ዳር አሳድሩት። እኔ ሳራግፈው ጥፍር የማያካክሉ ቀንድ አውጣዎች አገኘሁበት። እነሱ አልጌ በሊታ ናቸው፣ ወደ ውሃቸው ይመለሱ።