የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት ከእጅ ጋር ሲጣበቅ

የኤሌክትሪክ ጊታር የሚገዛ ሰው ድምፁን ከመስማቱ አስቀድሞ አውራ ጣቱን በአንገቱ ጀርባ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ቢያንሸራትት ስለ መሣሪያው ብዙ ይረዳል። በሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ የተለበጠ አንገት፣ በተለይም ጊብሰን የተባለው የጊታር አምራች የሚጠቀምበት ናይትሮሴሉሎስ ላከር የሚባለው ቫርኒሽ አዲስ ሳለ፣ እጅ ባላበው ጊዜ የመጣበቅ ስሜት ስላለው ከአንዱ ፍሬት (በአንገቱ ፊት ላይ በአግድም ከተተከለው ቀጭን ብረት) ወደ ራቀው ሌላ ፍሬት ፈጥኖ መሄድን ያዘገያል፤ ሳቲን የሚባለው ደብዛዛ አጨራረስ ግን ለስላሳና ደረቅ ሆኖ ይሰማል።

አንገቱ ስለተጣበቀ ብቻ ጊታሩን መለወጥ አያስፈልግም። ባለ 0000 (እጅግ ደቃቅ) የብረት ሱፍ ይዞ የአንገቱን ጀርባ በርዝመቱ አቅጣጫ ሳይጫኑ ማሸት ይበቃል፤ ሆኖም የብረቱ ብናኝ በፒካፖቹ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡት ክፍሎች) ማግኔት ላይ ከተጣበቀ ማስወገዱ አድካሚ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ፒካፖቹን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ግድ ነው። ከብዙ ጨዋታ በኋላ እጅ ራሱ መልሶ ስለሚወለውለው ሥራው አልፎ አልፎ ይደገማል።

ጣቶች ክሮቹን የሚጫኑበትን የጣት ሰሌዳ ጠርዝ ተከትሎ የሚለጠፈው የፕላስቲክ ጥብጣብ ለብዙዎች ጌጥ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በደረቅ ወራት እንጨቱ ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ ወደ ውጭ ወጥቶ እጅን ስለሚቧጭር፣ ጫፎቹን የሚሸፍን ጥብጣብ ይህን ችግር ይቀንሳል። ጠርዙ በሚገባ ተሞርዶ ካልተለሰለሰ ግን፣ እኔ እንደማየው፣ ባለ ጥብጣቡ አንገት ጥብጣብ ከሌለው ይልቅ መዳፍን ይቆረቁራል።