ኤአይ ሳያስብላችሁ ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

አሳይመንቱ አጭር ነው፦ «የዓድዋ ጦርነት መንስኤ ምን ነበር? በሁለት ገጽ ጻፉ።» ተማሪው ጥያቄውን እንዳለ ቻትጂፒቲ ላይ ይለጥፋል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ገጽ ይመጣለታል። ጽሑፉ ያማረ ነው፣ ስህተት የሚባል ፊደል የለበትም። መምህሩ ግን «እስቲ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ምን ይላል?» ቢሉት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ኤአይ አትንኩ አልልም። ብልስ ማን ይሰማኛል? ዋናው ነገር መቼ እና ለምን እንደምትከፍቱት ነው።

1. መጀመሪያ ስልኩን አርቁት

ለ20 ደቂቃ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ያዙ። የምታውቁትን፣ የምትገምቱትን፣ ግራ ያጋባችሁን ሁሉ ጻፉ። ቢዘበራረቅም ግድ የለም። የሌላ ሰው የተስተካከለ ጽሑፍ ቀድማችሁ ካነበባችሁ ሐሳባችሁ ወደዚያው ይጎተታል፤ ለዚህ ነው ከእናንተ የሚጀመረው።

በመጨረሻ አቋማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ለምሳሌ፦ «ጦርነቱን ያመጣው የውጫሌ ውል ነው።» ይህቺን ወረቀት አትጣሏት፣ በኋላ ትፈለጋለች።

2. እንዲጽፍላችሁ ሳይሆን እንዲሞግታችሁ ጠይቁት

እንዲህ በሉት፦ «ይህ የእኔ ሐሳብ ነው። አታርመው፣ አትጻፍልኝም። በሐሳቤ የማይስማማ ሰው የሚያነሳቸውን 3 ጥያቄዎች ብቻ ጠይቀኝ።»

ምናልባት «ጣልያን ምፅዋን የያዘችው ውሉ ከመፈረሙ 4 ዓመት በፊት፣ በ1877 ዓ.ም. አይደለም ወይ?» ይላችኋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንግዲያው ውሉ መንስኤ ነው ወይስ ሰበብ? መልሱን ራሳችሁ ፈልጉ። «ግሩም ሐሳብ ነው!» እያለ ቢያሞግሳችሁ ግን ብዙም አትደሰቱ፤ ከጠየቀው ሰው ጋር ቶሎ መስማማት ይወዳል።

3. ኤአይ የነገራችሁን ሁሉ አጣሩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ኤአይ በመሠረቱ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። እውነቱንም ፈጠራውንም በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ይነግራችኋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጭራሽ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቃ እንዲህ ከሆነ ተማሪውማ!

መጽሐፍ ከጠቀሰላችሁ መጽሐፉ መኖሩን አረጋግጡ፤ ካለም ገጹን ገልጣችሁ አንብቡ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ዓድዋ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በፈረንጆቹ 1896። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ አንቀጽ ውስጥ ሳይለዩ ከተደባለቁ ግን ጉድ ነው።

ውሉንም በማጠቃለያ አትለፉት። የአማርኛው አንቀጽ 17 ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ደግሞ ግዴታ አደረገው። ጠቡ ያለው በአንድ ግሥ ላይ ነው፤ ማጠቃለያ ደግሞ እንዲህ ያለችውን ግሥ ነው ቀድሞ የሚውጠው። የሁለቱን ቅጂዎች ቃል ፈልጋችሁ ጎን ለጎን አንብቡ።

4. ረቂቆቻችሁን አትደምስሱ

«ይህ በኤአይ የተጻፈ ነው» የሚሉ መለያ ሶፍትዌሮች ይሳሳታሉ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አንስቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ መለያዎችን ሲፈትኑ፣ መለያዎቹ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ራሳቸው ከጻፏቸው ድርሰቶች ከግማሽ በላዩን በኤአይ የተጻፈ ብለዋቸዋል። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ የእኛ ልጅም ያለ ጥፋቱ ሊጠረጠር ይችላል ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ወረቀትና ጽሑፉ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደተቀየረ የሚያሳየው የጎግል ዶክስ የለውጥ ታሪክ ያኔ ምስክር ይሆናሉ። ኤአይን ለምን እንደተጠቀማችሁም ለመምህሩ ቀድማችሁ ንገሩ።

5. ሳታዩ ተርኩት

ጽሑፉን ዝጉና ቤት ላለ ሰው በ3 ደቂቃ አስረዱ። እናት ትሁን ታናሽ ወንድም፣ «ለምን?» ማለት የሚወድ ሰው ይመረጣል። የተንተባተባችሁበት አንቀጽ ገና የእናንተ አልሆነም፤ እሱን እንደገና ጻፉት።

ከዚያ ያቺን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አውጡና ከመደምደሚያችሁ ጋር አስተያዩ። ምንም ካልተቀየረች፣ ወይ ከመጀመሪያውም ልክ ነበራችሁ፣ ወይ ደግሞ ሦስቱን ጥያቄዎች ዘላችኋቸዋል።