የሳይንስ ፊክሽን ኮሚክ እትም እንዴት ይነበባል? እንዴትስ ይመዘናል?

አዲስ የኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች የሚነገር ታሪክ፣ እትም ወጥቶ "እንዴት ነው?" ስባል መልሴ ባብዛኛው ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። "ሥዕሉ ይሮጣል፣ ታሪኩ ተኝቷል።" ወይም "ሃያ ገጽ ሙሉ ምንም አልተፈጠረም።" ጠያቂው ግን በዚህ አይለቀኝም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ እትም እጄ ሲገባ ምን ምን እንደማይበት ላስረዳችሁ። የማወራው ስለ ሳይንስ ፊክሽን ብቻ ነው። ካባ ለብሰው ስለሚበሩት ጀግኖች ሌላ ሰው ይጻፍ።

መጀመሪያ የምትመዝኑት ምን እንደሆነ ወስኑ። ተከታታዩን በሙሉ ነው ወይስ ይህን አንድ እትም? እኔ የምመዝነው እትሙን ነው። የአሜሪካ ወርሃዊ ኮሚክ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 22 ገጽ ታሪክ ይይዛል። በዚያ መሃል አንድ ነገር መለወጥ አለበት። ሰው ይሙት፣ ውሸት ይጋለጥ፣ መርከቧ ትሰበር፣ የፈለገው ይሁን። መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ሰዎቹ መጀመሪያ ካገኘኋቸው ቦታ ፈቀቅ ካላሉ ያ እትም አልሠራም።

"ቆይ፣ ተሰብስቦ ሲጠረዝ ይገባሃል" የሚሉኝ አሉ። ይህን ሰበብ አልቀበልም። ዛሬ ብዙ ታሪኮች ገና ሲጻፉ በኋላ በአንድ ጥራዝ እንዲሸጡ ታስበው ነው። አምስት ወይም ስድስት እትም ተጠርዞ አንድ መጽሐፍ ይሆናል። በዚህ የተነሳ የመጀመሪያው እትም ያስፈነድቃችኋል፣ የመጨረሻውም እንደዚያው። መሃል ያሉት ግን ዳር ዳር ይላሉ። ሰዎች በጠፈር መርከብ ኮሪደር እየተራመዱ ያወራሉ። ከዚያ ቆመው ያወራሉ። ከዚያ ደግሞ ተቀምጠው ያወራሉ። በቅርብ ጊዜ ከማነባቸው ተከታታዮች ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው፤ ሥዕሉ መቼም የዛሬን ያህል አምሮ አያውቅም፣ ገጹ ግን ባዶ ነው።

ገጽ እንዴት እንደሚቆጠብ ማየት የፈለገ ወደ እንግሊዞቹ 2000 ኤዲ ይሂድ። ከእ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1977 ጀምሮ የሚወጣ ሳምንታዊ የኮሚክ መጽሔት ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እያንዳንዱ እትም "ፕሮግ" ይባላል። የመጽሔቱ አዘጋጅ ደግሞ ታርግ የሚባል አረንጓዴ የሌላ ፕላኔት ፍጡር ነው፣ ወይም እንደዚያ ብለን እንድናምን ይፈልጋሉ። በአንድ ፕሮግ ውስጥ የተለያዩ ታሪኮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ለአንዱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ገጽ ነው። ደራሲው ለወሬ ጊዜ የለውም። በአንድ ገጽ ያለፈውን ያስታውሳችኋል፣ በሦስት ገጽ ነገሩን ያባብሳል፣ በመጨረሻው ልባችሁን ሰቅሎ ይሄዳል። ሁሉም ታሪክ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። በአንድ ፕሮግ ሁለቱን ወድጄ ሁለቱን ብዘል ረክቻለሁ። መድብል ሲነበብ እንዲህ ነው፣ ሁሉንም ካልወደድኩ ማለት አያስፈልግም።

ለጀማሪ የምመክረው ደግሞ እዚያው የሚወጡትን "ፊውቸር ሾክስ" የሚባሉ አጫጭር ታሪኮች ነው። በጥቂት ገጽ ተጀምረው ያልቃሉ። መጨረሻቸው ላይ ያልጠበቃችሁት ነገር ይመጣል። የኮሚክ ደራሲው አለን ሙር ዝነኛ ከመሆኑ በፊት እጁን ያፍታታው እነዚህን እየጻፈ ነው። አይናችሁን ለማሠልጠን ይሄን የሚያህል የለም፤ ቢያስጠሉአችሁ እንኳ ያባከናችሁት ትንሽ ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ንባቡ። እትሙን ሁለቴ አንብቡት። መጀመሪያ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳትቆሙ። ያልገባችሁ ነገር ካለ እለፉት፣ ሳይንስ ፊክሽን ውስጥ የማይገባ ስም አይጠፋም። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ጽሑፉን እንዳላያችሁ ሁኑ። ሥዕሉን ብቻ ተከተሉ።

ፈተናው እዚህ ነው። ማን የት እንደቆመ ይታያችኋል? በሩ በየት በኩል ነው? የራስ ቁር ያጠለቁ ሁለት ሰዎችን በአቋማቸው ትለያላችሁ? ተኩሱ ከየት መጣ? ሥዕሉ ብቻውን ይህን ካልነገራችሁ ሰዓሊው ሥራውን ለደራሲው አሸክሞታል ማለት ነው። ሥዕል ብቻውን ምን ያህል መናገር እንደሚችል ማየት ከፈለጋችሁ የፈረንሳዩን ሰዓሊ የሞቢየስን "አርዛክ" ፈልጉ። በ1975 ሜታል ኡርላን በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ነው። በትልቅ ወፍ መሰል ፍጡር ላይ ተቀምጦ የሚበር ሰው ታያላችሁ። አንድም ንግግር የለበትም። ማንም ምንም አያስረዳችሁም። ያም ሆኖ ያ ዓለም የራሱ ሕግ እንዳለው ከሁለት ገጽ በኋላ ትረዳላችሁ። ዛሬ ተመሳሳዩን ዓለም ለማስተዋወቅ ሦስት ገጽ ሙሉ የተራኪ ቃል የያዘ ሳጥን የሚደረድር እትም ሳይ ትዕግሥቴ ያልቃል። "በ2350 ዓ.ም. ምድር ከታላቁ ጦርነት በኋላ..." ብሎ የሚጀምር ከሆነ ተጠንቀቁ።

ጽሑፍ አይኑር ማለቴ ግን አይደለም። ፊዮና ስቴፕልስ ብራያን ኬ. ቮን በሚደርሰው "ሳጋ" ላይ ያደረገችውን ተመልከቱ። ተራኪዋ ሄዘል የምትለው በሳጥን አይታጠርም። ስቴፕልስ ራሷ በእጇ ሥዕሉ ላይ ትጽፈዋለች። ስለዚህ ድምፁ ከሰማዩ፣ ከግድግዳው፣ ከሰዎቹ ትከሻ ጎን የሚመጣ ይመስላል። ሥዕሉንም ቀለሙንም የምትሠራው እሷው ናት። እዚያ ላይ ጽሑፉን ሸፍናችሁ ብታነቡ የሆነ ነገር ይጎድልባችኋል፣ መጉደልም አለበት።

ቀለም ላይ አንድ ነገር ልበል። የጠፈር ታሪክ ሁሉ ሰማያዊና ወይን ጠጅ መሆን ያለበት ማነው ያለው? ኮምፒውተር መጥቶ ሁሉም መብራት "ያበራል"፣ ሁሉም ጠርዝ ይንቦገቦጋል። ገጹን ስገልጥ የትኛው ነገር ዋና እንደሆነ አላውቅም። ጥፋቱ የኮምፒውተር አይደለም። የጃፓናዊው ሰዓሊ የኦቶሞ ኮሚክ "አኪራ" በጃፓን ሲወጣ ባብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነበር። ከ1988 ጀምሮ በአሜሪካ ሲታተም ስቲቭ ኦሊፍ በኮምፒውተር ቀለም ቀባው፣ ያኔ ገና አዲስ ነገር ነበር። ከተማዋ ሌሊት ላይ ናት፣ መብራቱ በየቦታው ነው፣ ግን አይናችሁ መንገድ አይስትም። እንግዲህ የምትፈትሹት ይህን ነው፤ ገጹን ከሩቅ አድርጋችሁ እዩት። አይናችሁ መጀመሪያ ያረፈው ታሪኩ በሚፈልገው ቦታ ላይ ነው? ከሆነ ቀለም ቀቢው ገብቶታል።

ስለ ሳይንሱ ትክክለኛነት ብዙ አትጨነቁ። ጠፈር ላይ ፍንዳታ አይሰማም ብሎ የሚያኮርፍ አንባቢ አለ። እኔ አልቆጥርም። የምፈልገው ሌላ ነው። ደራሲው አንድ ትልቅ ውሸት ይፈቀድለታል፤ ከብርሃን የፈጠነ መርከብ፣ ሐሳብ የሚያነብ ሰው፣ የሚያስብ ማሽን። ከዚያ በኋላ ግን ውሸቱ የሚያስከትለውን ሁሉ መክፈል አለበት። ማሽኑ ሁሉን ከሠራ ሰው ምን ይሠራል? በ2000 ኤዲ የሚወጣውን ጀጅ ድሬድን ያቆየው ይህ ጥያቄ ይመስለኛል። ጆን ዋግነርና ካርሎስ ኤዝኬራ የፈጠሩት ይህ ሰው የሚኖርባት ሜጋ ሲቲ ዋን ሮቦቶች ሥራውን ወስደውት አብዛኛው ነዋሪ ሥራ ፈት የሆነባት ከተማ ናት። ሰዉ ስለሚሰለቸው ያብዳል፣ የማይሆን ፋሽን ያመጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር ጦርነት ይከፍታል። ድሬድ ደግሞ ፖሊስም ዳኛም ገዳይም ሆኖ ይመጣል። ቀልዱም ፍርሃቱም የሚወለደው ከአንዱ ውሸት ነው።

ድሬድ ላይ የምወደው ሌላም አለ። ሰውየው ያረጃል። የእኛ አንድ ዓመት የእሱም አንድ ዓመት ነው። በ1977 ሲጀመር ታሪኩ 2099 ላይ ነበር፣ ልዩነቱ 122 ዓመት ሆኖ እስከ ዛሬ አብሮን ይሄዳል። ከተማዋ ላይ የደረሰ ጥፋት በሚቀጥለው ሳምንት አይሰረዝም። ሌሎቹ ተከታታዮች በየጊዜው እንደገና ከቁጥር 1 ሲጀምሩ፣ የሞተው ሲነሳ፣ የፈረሰው ፕላኔት ተመልሶ ሲሽከረከር እያየን ጠግበናል። የቁጥር 1 እትም ይሸጣል፣ ምክንያቱ ያ ብቻ ነው። አትቸኩሉ።

የመጨረሻውን ገጽ ለብቻው መዝኑት። በዚህ ዘርፍ እስከ ዛሬ የማይረሳኝ በ1953 ኢሲ በሚባለው አሳታሚ የወጣው "የፍርድ ቀን" ነው። ጸሐፊው አል ፌልድስታይን፣ ሰዓሊው ጆ ኦርላንዶ። ከምድር የመጣ ጎብኚ የሮቦቶች ፕላኔት የጋላክሲው ኅብረት አባል ለመሆን መብቃቷን ሊመረምር ይመጣል። ብርቱካናማዎቹ ሮቦቶች ሰማያዊዎቹን እንደሚጨቁኑ ያያል፣ ሁለቱም ከቀለማቸው በቀር ልዩነት የላቸውም። "ገና ናችሁ" ብሎ ይሄዳል። የመጨረሻው ሥዕል ላይ የራስ ቁሩን ያወልቃል፤ ጥቁር ሰው ነው። ምንም ማብራሪያ የለም። በ1956 እንደገና ሊታተም ሲል የኮሚኮችን ይዘት የሚመረምሩት ተቆጣጣሪዎች ሰውየው ጥቁር መሆኑ ይቅር አሉ። አሳታሚው ዊልያም ጌይንስ እምቢ አለ፣ ታሪኩም እንዳለ ታተመ። ያንን ሥዕል ብታነሱት ታሪኩ ይፈርሳል። የመጨረሻ ገጽ ማለት እንዲህ ነው። ሰው ከጥላ ውስጥ ወጥቶ "እየጠበቅኩህ ነበር" የሚልበት መጨረሻ ግን፣ ይቅርታ፣ ለእኔ አይቆጠርም።

ከቅርቦቹ በድንገቴነቱ ያስደሰተኝ በጁን 2023 የወጣው የ"ቮይድ ራይቫልስ" የመጀመሪያ እትም ነው። የሮበርት ኪርክማንና የሎሬንዞ ዴ ፌሊቺ ሥራ ነው። የሚዋጉ የሁለት ወገን አብራሪዎች ባዶ ፕላኔት ላይ ይወድቃሉ፣ ተባብረው ካልሆነ አይወጡም። የታወቀ መነሻ ነው። ከዚያ መሃል ላይ ማንም ቀድሞ ሳያስተዋውቀው በሌላ ታሪክ ከምናውቃቸው ሮቦቶች፣ ከትራንስፎርመርስ፣ አንዱ ብቅ ይላል! አሁን ምስጢር ስላልሆነ ነው የምናገረው። እውነቱን ለመናገር ያለዚያ ድንገቴ ታሪኩ መካከለኛ ነው። ግን ኮሚክን በወጣበት ቀን ማንበብ ምን ጥቅም አለው ለሚለኝ የማሳየው ይህንን ነው።

በስልክ የምታነቡ ከሆነ አንድ ምክር። የኮሚክ ማንበቢያው አፕ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ የሚያሳይበት አሠራር አለው። መጀመሪያ ሙሉ ገጹን እዩ፣ ከዚያ ቅረቡ። ሰዓሊው ያቀደው ገጽ ነው። አስደንጋጩን ነገር ገጽ ስትገልጡ እንድታገኙት ያስቀምጠዋል። ስልኩ ሲቆራርጠው ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል።

ሽፋኑን እርሱት። ለአንድ እትም አምስት ስድስት ዓይነት ሽፋን ይወጣል፣ ሽፋኑን የሣለውም ብዙ ጊዜ ውስጡን የሣለው አይደለም። የሠሪዎቹ ስም ያለበትን ገጽ ግን አንብቡ። በእንግሊዝ ኮሚክ የሠሪዎች ስም በየታሪኩ መታተም የተለመደው ኬቪን ኦኒል በ2000 ኤዲ ከጀመረው በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አንባቢ የሚወደውን ሰዓሊ ስም እንኳ አያውቅም ነበር።

መቼ ይተዋል? እኔ ለአዲስ ተከታታይ ሦስት እትም እሰጣለሁ። ሦስተኛው ላይ የአንድ ሰው ስም ትዝ ካላለኝ ደህና ሰንብት። መዘግየት ግን ለመተው ምክንያት አይደለም። "ሳጋ" በጁላይ 2018 እትም 54 ላይ ቆሞ በጃንዩወሪ 2022 ነው የተመለሰው። ሰው ተማርሮ ነበር። እኔ በሌላ ሰዓሊ ተተክቶ በሰዓቱ ከሚመጣ ዘግይቶ በስቴፕልስ እጅ ቢመጣ እመርጣለሁ። ታሪክ መሃል ላይ ሰዓሊ ሲቀየር የሰዎቹ ፊት ይቀየራል፣ ፊታቸው ከተቀየረ ደግሞ የማውቃቸው ሰዎች አይደሉም። ረጅም ዕረፍት ወስዶ የተመለሰ ተከታታይ ሲያጋጥማችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት እትሞች መልሳችሁ አንብቡ። ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም።

አስተያየታችሁን ለሌላ ስትነግሩ ታሪኩን አትተርኩ። ሰው ራሱ ያነበዋል። አንድ ገጽ ምረጡና እዚያ ላይ ምን እንደሠራ ወይም እንዳልሠራ ተናገሩ። "ገጽ 14 ላይ መርከቧ ስትነሳ ሕፃኑ ብቻ ወደ ኋላ ያያል" ብትሉኝ ከ"ድንቅ ነው" ይልቅ ብዙ ነግራችሁኛል። የመጨረሻውን ገጽ አፍናችሁ ያዙ። ሰዓሊውን፣ ቀለም ቀቢውን፣ ፊደሉን ያስቀመጠውንም ጥቀሱ፤ ደራሲው ብቻውን አልሠራውም።

የደብዳቤ ገጽ ያለው እትም ካገኛችሁ እሱንም አንብቡት። "ሳጋ" የአንባቢ ደብዳቤ የሚቀበለው በፖስታ ነው፣ በኋላ በሚጠረዘው መጽሐፍ ውስጥም አይገባም። ብቻ ወደ ኋላ የቀራችሁ ከሆነ ዝለሉት። ደብዳቤ ጸሐፊዎች ያለፈውን እትም መጨረሻ ያለ ርኅራኄ ያወጡታል።