በቤት ጋራዥ የበረሃ ውድድር ፒካፕ እንዴት ይሠራል? ሞተሩን ለጊዜው እርሱት

ላስ ቬጋስ የምንኖር ሐበሾች በረሃውን የምናውቀው በሙቀቱ ነው። መስኮት ዘግተን፣ ኤሲ ከፍተን እናልፈዋለን። ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወደ ደቡብ ወጣ ካላችሁ ግን ሌላ ዓለም ታያላችሁ። ጭነት ቦታው ላይ ሁለት መለዋወጫ ጎማ ያሰረ ፒካፕ አቧራ እያቦነነ ይመጣል። እኛ በእግር እንኳ ተጠንቅቀን የምንረግጠውን ጉድጓድ እንደ አስፋልት እየበረረበት ያልፋል። እኔ አንድ ቀን አየሁና አላስቻለኝም። ከጓደኛዬ ጋር አንድ አሮጌ ፎርድ ሬንጀር ገዛንና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ጋራዥ ውስጥ ስንታገል ኖርን።

መኪናውን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን ስለ ፈረስ ጉልበቱ ነው። መልሳችን ብዙዎችን ያስቃል፤ ፋብሪካው የሰጠው 160 ገደማ ነው፣ አልነካነውም። በረሃ ላይ የሚያዘገየው የሞተር ማነስ አይደለም። መንገጫገጩ ነው። ጎማው መሬቱን ካልያዘ፣ ወገባችሁ ካልቻለ፣ 500 ፈረስ ቢኖራችሁም እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ታነሳላችሁ። በ1967 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ባሃ ከቲዋና እስከ ላ ፓዝ የመጀመሪያው ትልቅ ውድድር ሲደረግ ያሸነፈችው ሜየርስ ማንክስ የምትባል ቀላል ቡጊ ነበረች። ሰውነቷ ፋይበርግላስ፣ ሆዷ የቮልስዋገን ነው፤ ያቺው እኛ አገር መንገዱን ሞልታው የነበረችው ቮልስ። መንገዱን በ27 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ጨረሰችው። ከእሷ የበለጠ ጉልበት ያላቸው መኪኖች ከኋላዋ ቀሩ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ እግር (ጎማውን የሚይዙት ክንድ፣ ሞላና አሞርዛተር)፣ ቀጥሎ መኪናው ሲገለበጥ ሰውን የሚጠብቀው የቱቦ ብረት (ኬጅ)፣ ቀጥሎ ፍሬንና ማቀዝቀዣ። ሞተር ብር ከተረፈ።

1. ከመቁረጥ በፊት የሕግ መጽሐፉን አንብቡ

በባሃ ውድድሮቹን የሚያካሂደው ስኮር፣ እዚህ ኔቫዳ ደግሞ እንደ ሚንት 400 ያሉ ውድድሮች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የቱቦው ውፍረት፣ የቀበቶው ዕድሜ፣ የነዳጅ ጋኑ ዓይነት፣ ምን መቀየር እንደሚፈቀድ ሁሉም ተጽፏል። ትንንሽ ፒካፖች የሚወዳደሩበት ክላስም አለ። አንድ ቀን እወዳደራለሁ ብላችሁ ካሰባችሁ ከመጀመሪያው በዚያ ልክ ሥሩ። በያዛችሁት ዓመት የወጣውን ደንብ ያዙ፤ ይለዋወጣል። ደንቡን ሳያዩ ኬጅ በይደው፣ በኋላ ቆርጠው የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ።

2. የትኛው መኪና?

እኛ የመረጥነው ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ሬንጀሮች አንዱን ነው፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳውን። ምክንያቱ የፊት እግሩ ነው። ፎርድ በ1965 እ.ኤ.አ. በትልልቅ ፒካፖቹ ያመጣው ትዊን አይ ቢም የሚባል አሠራር አለው። ሁለት ወፋፍራም የብረት ክንዶች ናቸው። የግራው ጎማ ክንድ በቀኝ በኩል ይታሰራል፣ የቀኙ በግራ። ክንዱ ረጅም ስለሆነ ጎማው ብዙ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ይችላል። ብረቱ ወፍራም ነው፣ ይበየዳል፣ ይቆረጣል፣ ቢጎብጥ ይቃናል። ከ1998 ጀምሮ ያለው ሬንጀር የፊት እግሩ ሌላ ስለሆነ እንዳትሸወዱ።

ባለ 4 ሊትር ሞተሩን ካገኛችሁ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ጠንካራው ባለ 8.8 ኢንች ዲፍረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) አለ። ትንንሾቹ ሞተሮች ላይ የሚመጣው 7.5 ኢንች ነው፤ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የሰውነቱ ቀለም ቢላላጥ ግድ የለም። ሻንሲው ግን ዝገት የበላው ወይም አደጋ የደረሰበት ከሆነ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

3. ዕቃና ቦታ

የሁለት መኪና ጋራዥ ይበቃል። ሚግ የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደር፣ ጠንካራ ሞርሳ፣ ሁለት ክሪክ፣ ቢያንስ ስድስት መደገፊያ እግር፣ የቱቦ ማጠፊያና የቱቦ ጫፍ መቅረጫ ያስፈልጋል። ማጠፊያው ውድ ነው፤ እኛ ተውሰን ነው የሠራነው።

ሁለት ነገር አደራ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ሌላው፣ ብዙዎች የማያውቁት፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ነው። ክሎሪን ያለበት ዓይነት የነካው ብረት ላይ ብትበይዱ ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ለብየዳ የሚዘጋጅ ብረት በአሴቶን ይጸዳ፣ ደርቆ ይጠብቅ። ነዳጁ ከመኪናው ይውጣ፣ ባትሪው ይነቀል።

የጎረቤትም ነገር አለ። የሰፈራችን ማኅበር ስለ ግራይንደሩ ድምፅ ሁለቴ ደብዳቤ ልኮብናል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መለካትና ሽቦ መቀጠል ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

4. የፊት እግር፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ

መካኒኮቻችን እግር የሚሉት ክንዱን፣ ሞላውን፣ አሞርዛተሩን አንድ ላይ ነው። ቋንቋው እኔን አስቸግሮኝ ነበር። እኔ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ)፣ ቦኮላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ እያልኩ ያደግሁ ነኝ፤ ጣሊያን ትቶልን የሄደው የጋራዥ ቃል። እዚህ መለዋወጫ ሱቅ ገብቼ ባሌስትራ ስል ሻጩ ቡና የጠየቅሁት መስሎት ነበር።

ወደ ሥራው። ረዘም ያሉና ለዚህ የተሠሩ ክንዶች ይገዛሉ፣ ወይም የራሱ ክንድ ተቆርጦ፣ አንግሉ ተስተካክሎ እንደገና ይበየዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሠሩ የተዘጋጀውን ግዙ። ክንዱን ወደ ኋላ ይዞ ሻንሲው ላይ የሚያስረው ዘንግም በረጅም ይተካል። ዘንጉ አጭር ከሆነ ጎማው ሲነሳ ወደ ኋላ እየተጎተተ የመሪው ጠባይ ይበላሻል።

አሁን ዋናው ሥራ። ሞላውንም አሞርዛተሩንም ሳታስገቡ ክንዱንና ጎማውን ብቻ እሰሩ። መኪናው በመደገፊያዎቹ ላይ ይቁም። ጎማውን በክሪክ ቀስ እያላችሁ እስከ ላይ አንሱት፣ ከዚያ እስከ ታች ልቀቁት። በየሁለት ኢንቹ አቁማችሁ ተመልከቱ። ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል? መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞርስ? የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦ ይወጠራል? የመሪው ዘንግ ሻንሲውን ይመታል? ጎማው ሲነሳ ራሱ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ይዞራል? ይህ የመጨረሻው ከሆነ መኪናው ጉድጓድ ላይ በገዛ ፈቃዱ ይታጠፋል ማለት ነው። የመሪውን ዘንጎች ከክንዱ ጋር አብረው እንዲሄዱ አድርጎ መቀየር ግድ ነው።

እኛ ይህን ሥራ በአንድ ቅዳሜ እንጨርሳለን ብለን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ካርቶን ቆርጠን፣ ኖራ ቀብተን፣ የሚነካካውን ሁሉ ምልክት አደረግን። ፓራፋንጎው በሰፊ ፋይበርግላስ የተቀየረውም ያኔ ነው።

የአሞርዛተሩ ማሰሪያ የሚበየደው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ልኬት አትሳቱ። ጎማው ወደ ላይ ሲመጣ አሞርዛተሩ ከመዝጋቱ በፊት የሚቀበለው ማቆሚያ ይኑር። ወደ ታች ሲወርድም አሞርዛተሩ ተስቦ ከማለቁ በፊት ክንዱን የሚይዝ የጨርቅ ማሰሪያ ይኑር። ማሰሪያው ሲሠራ ስለሚለጠጥ ከለካችሁት ትንሽ አሳጥሩት። አሞርዛተር ራሱን ማቆሚያ ካደረጋችሁት በመጀመሪያው ቀን ይሰበራል።

ምን ዓይነት አሞርዛተር? ባለ 2.5 ኢንች፣ በናይትሮጅን የተሞላ፣ የዘይት ማጠራቀሚያው ለብቻው የወጣ። ተራው አሞርዛተር ሃያ ደቂቃ ሲንገጫገጭ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያ መኪናው እንደ ፈረስ መዝለል ይጀምራል። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ አራቱ አንድ ላይ ሬንጀሩን ከገዛንበት በልጠዋል። ቁጠባ ከሌላ ቦታ ይምጣ።

5. የኋላው

ቀላሉና ርካሹ መንገድ ባሌስትራውን በረጅም መቀየር ነው። ብዙ ሰው ከትልቁ የሸቭሮሌት ፒካፕ ላይ 63 ኢንች ርዝመት ያለውን ያወጣል። ረጅም ባሌስትራ ለስላሳ ነው፣ ብዙም ይሄዳል። በአራት ዘንግ የሚያዝ አሠራርም አለ፤ እሱን ለሁለተኛው መኪናችሁ አስቀምጡት።

8.8 ዲፍረንሻሉ ሁለት ድክመት አለው። በግራና በቀኝ ያሉት ቱቦዎች መሐል ያለው ጭንቅላት ውስጥ የተጠቀጠቁ ስለሆኑ በኃይል ሊዞሩ ይችላሉ። መበየድ አለባቸው፤ ጭንቅላቱ ግን ፉዞ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ) ብረት ስለሆነ ቀድሞ መሞቅ ይፈልጋል። ይህን ለሚያውቅ በያጅ ስጡ። ሁለተኛው፣ አክስሉን የሚይዘው ውስጥ ያለ ትንሽ ቁልፍ ነው። አክስሉ ከተሰበረ ጎማውን ይዞ ይወጣል። አክስሉን ከውጭ በኩል የሚይዝ መቀየሪያ ይሸጣል፣ ግዙት። እዚያው እያላችሁ የዲፍረንሻሉን ጊርም ቀይሩ። ለ33 ወይም ለ35 ኢንች ጎማ 4.88 ወይም 5.13 ጥሩ ነው (ጎማው አንዴ እንዲዞር ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው)፤ ደካማው ሞተር እፎይ የሚለው ያኔ ነው።

6. ኬጁ

የሚሠራው ዲ.ኦ.ኤም. ከሚባለው ቱቦ ነው። እኛ 1.75 ኢንች ስፋት፣ 0.120 ኢንች ውፍረት ያለውን ተጠቀምን። የውሃ ቱቦ የሚያስብ ሰው ካለ ይተወው፤ ሲገለበጥ በስፌቱ ይሰነጠቃል። ክሮሞሊ የሚባለው የበለጠ ጠንካራ ብረት ጥሩ ነው ግን ቲግ ብየዳና ልምድ ይፈልጋል።

ጋቢናው ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በላስቲክ ማረፊያዎች ነው። ስለዚህ ኬጁ ወለሉን በስቶ ወርዶ ከሻንሲው ጋር መያያዝ አለበት። መጀመሪያ ወንበሩን እሰሩ፤ ሄልሜት አድርጋችሁ፣ ቀበቶ ታጥቃችሁ ተቀመጡ፤ ከዚያ ቱቦው የት እንደሚያልፍ ምልክት አድርጉ። ባዶ ጋቢና ለክተው ሠርተው በኋላ ጭንቅላታቸው የማይገባ አሉ።

ሁሉንም መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዙ። ሙሉ ብየዳው ሲጀመር እያፈራረቃችሁ፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፤ ያለበለዚያ ብረቱ ይጣመማል። ከጣሪያው ጋር የተጠጋው የቱቦ መገጣጠሚያ ላይኛው ወገን አይደረስበትም። ዘዴው ይህ ነው፤ የኬጁ እግሮች ከመታሰራቸው በፊት ወለሉ ላይ ቀዳዳ ይከፈትና ኬጁ በቀዳዳው ዝቅ ይላል። ላዩ ይበየዳል። ከዚያ ተነስቶ እግሮቹ ይታሰራሉ።

ብየዳችሁን አታምኑትም? እኔም የራሴን አላመንኩም። ትርፍ ቱቦ በይጄ፣ ቆርጬ፣ ውስጡን እያየሁ ወራት ተለማመድኩ። የኬጁን ዋና ዋና መገጣጠሚያዎች ግን በመጨረሻ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ በየደልን።

ቀለሙ ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን። ጥቁር ያምራል፣ ስንጥቅ ግን ይደብቃል።

7. የቀረው

የነዳጅ ጋኑ የውድድር ይሁን፤ ውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ ሲገለበጥ የማያፈስ መተንፈሻ ያለው። ከጋቢናው በላሜራ ይለይ። ትልቅ ራዲያተር፣ ጥሩ ፋን። የሞተሩን አየር ማስገቢያ አቧራ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አምጡት፤ በረሃ ሞተር የሚገድለው በአቧራ ነው። ዋናውን የባትሪ ማጥፊያ ሹፌሩም ረዳቱም ቀበቶ እንደታጠቁ የሚደርሱበት ቦታ አድርጉት። በአምስት ቦታ የሚታሰር ቀበቶ፣ እሳት ማጥፊያ፣ ሬዲዮ። ቀበቶ ላይ የታተመውን ቀን እዩ፤ አሮጌ ቀበቶ በርካሽ መግዛት የለም።

ፍሬኑን አትርሱ። ትልቅ ጎማ ስታስገቡ የድሮው ፍሬን ያንሳል።

እያንዳንዱ ቡሎን በሚገባው ልክ ከጠበቀ በኋላ ዳዶውና ብረቱ ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተላቀቀ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። በሦስት ደቂቃ መኪናውን ሙሉ ታያላችሁ።

8. መጀመሪያ ስትወጡ

በተጎታች ጭናችሁ ውሰዱት፣ መመለሻ ይኑራችሁ። አሥር ማይል በቀስታ ነድታችሁ ቁሙ፣ ከሥሩ ግቡ፣ የቀለም መስመሮቹን እዩ። ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ሃምሳ። የእኛ በመጀመሪያው ቀን በአሥራ አራተኛው ማይል የኋላ ፍሬን ቱቦ ባሌስትራው ላይ ታሽቶ ፈሰሰ። ጋራዥ ውስጥ ከፊቱ ላይ ብቻ ሦስት ሳምንት ስንለካ ከኋላ አልለካነውም ነበር። ቱቦውን ጨምቀን ዘግተን፣ በፊት ፍሬን ብቻ እየተንፏቀቅን ተጎታቹ ጋ ደረስን። ማታ ቤት ስንገባ አቧራውን አጥበን፣ ባትሪ አብርተን፣ ነጩ ቀለም ላይ ስንጥቅ ስንፈልግ አመሸን። አንድ አገኘን፣ የግራው አሞርዛተር ማሰሪያ ሥር። ግራይንደሩ እስኪነጋ ጠበቀ።