በስልክ ታዝዞ የመጣ ዕቃ፦ ጥገና ጠረጴዛዬ ላይ የማያቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞባይልና አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ድሮ የሚመጣልኝ ዕቃ አብዛኛው እዚሁ ከተማ ከሱቅ የተገዛ ነበር። አሁን ብዙው ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ታይቶ፣ በቴሌብር ተከፍሎበት፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣ ነው። በኦንላይን መግዛትን አልቃወምም፤ እኔም ስክሪንና መለዋወጫ የማስመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ሰው ለፍቶ ያገኘውን ብር በቀላሉ ሲያጣ ማየት ያንገበግበኛል። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ስልክ ላይ ያየነውን ዋጋ ከሱቁ ዋጋ ጋር እንዲሁ ማወዳደር

አንዲት እናት ጁስ መፍጫ ይዘው መጡ። ሱቅ 4,800 ብር ሲሏቸው ቴሌግራም ላይ 3,900 አግኝተው ነው ያዘዙት። አብረን ደመርነው። ሻጩ አውቶቡስ ተራ ድረስ ለማድረስ 250 ተቀብሏል፣ ለአውቶቡሱ 300፣ ከመናኸሪያ ቤት ድረስ ለባጃጅ 100። በድምሩ 4,550 ሆነ። የቀረላቸው 250 ብር ነው፤ የመፍጫው ጆግ ደግሞ መንገድ ላይ ተሰንጥቋል። ያ ሞዴል ማርቆስ ስለሌለ ጆጉን ብቻ ፈልጌ ላገኝላቸው አልቻልኩም። «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ» አሉኝ፤ መልስ አጣሁላቸው።

ከውጭ አገር በቀጥታ የምታዝዙ ከሆነ ሒሳቡ ይከብዳል። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ነው። ልብስን የመሰለ ዕቃ ላይ የጉምሩክ ቀረጡ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያም ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ፤ አንዱ የሚሰላው በሌላው ድምር ላይ ነው። እዚህ እስኪደርስ 5,000 ብር የፈጀ ጃኬት በዚህ ስሌት 8,500 ብር ያልፋል። ሱቅ ውስጥ የተሰቀለው ጃኬት ይህን ሁሉ ከፍሎ ነው የተሰቀለው። ነጋዴውን «ዘረፈን» ከማለታችን በፊት ይህን እናስብ።

ሌላው የቆየ ፖስት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የተለጠፈ ዋጋ አሁንም ቻናሎች ላይ አለ። እሱን አይቶ «ሱቁ እጥፍ ጨመረ» የሚል ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ የፖስቱን ቀን እዩ።

ዕቃው ላይ የታተመውን ቁጥር ማመን

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። አንድ ተማሪ 50,000 ሚሊአምፔር አወር የሚል ፓወር ባንክ አመጣልኝ። ስልኩን አንዴ እንኳ በቅጡ አልሞላለትም። ክዳኑን በቀጭን መፍቻ ከፈትኩት። ውስጡ አንዲት ክብ ባትሪ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ተበይዳለች፤ ከጎኗ በፕላስተር የታሸገች ትንሽ ከረጢት አለች። ቀደድኳት። አሸዋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ልጁ ዝም ብሎ አየው። አሸዋው የተጨመረው ዕቃው እጅ ላይ ከበድ እንዲል ነው።

ይህን ሳትከፍቱም ማወቅ ትችላላችሁ። አንዲት እንዲህ ያለች ክብ ባትሪ፣ ጥሩ የምትባለው፣ ከ3,500 ብዙም አታልፍም፤ ክብደቷም 45 ግራም ይበልጣል። 50,000 ለመሙላት ወደ 15 ባትሪ ያስፈልጋል፤ የባትሪዎቹ ክብደት ብቻ 700 ግራም አካባቢ ይሆናል። ከማዘዛችሁ በፊት ሻጩን «ስንት ግራም ነው? ሚዛን ላይ አድርገህ ፎቶ ላክልኝ» በሉት። ኪስ ውስጥ የሚገባ ቀላል ነገር 50,000 ከተባለ ውሸት ነው። ከባድ ሆኖም አሸዋ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲደርሳችሁ ስልካችሁን ስንት ጊዜ እንደሚሞላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጠሩ።

ሚሞሪ ካርድም እንደዚያው ነው። 1 ቴራባይት ተብሎ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጠው ካርድ ውስጡ 32 ጊጋ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ ግን 1 ቴራ ብሎ እንዲያነበው ተደርጓል። ከ32 በላይ የጻፋችሁበት ፋይል ስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን የለም። የልጁን የጥር ሠርግ በእንዲህ ያለ ካርድ ያስቀረጸ አባት መጥቶልኝ ያገኘሁለት የጠዋቱን ዝግጅት ብቻ ነው። ምርቃቱ አልተገኘም። አዲስ ካርድ ስትገዙ በማይረቡ ቪዲዮዎች አፉ ድረስ ሙሉትና መጨረሻ የገባውን ክፈቱ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው፤ ሻጩ ስልክ እያነሳ ሳለ ሞክሩት።

ስልክ ከሆነ *#06# ደውሉ። የሚወጣው 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ አትውሰዱት።

ዕቃው ሳይታይ ሙሉውን ገንዘብ መላክ

በቴሌብር ወይም በባንክ የላካችሁት ብር አንዴ ከሄደ በእናንተ ፈቃድ ብቻ አይመለስም። አዲስ አበባ ያለ ገዢ ዕቃውን በሩ ላይ አይቶ ይከፍላል፤ እኛ ጎጃም ያለነው ግን «ለክፍለ ሀገር ቅድሚያ ክፍያ ነው» እንባላለን። እንደ ሙሽራዋ ካልታዘልኩ አላምንም ማለት ነውር የለውም። አዲስ አበባ ዘመድ ካለ እሱ ሄዶ አይቶ፣ ሰክቶ ሞክሮ ይክፈል፤ መርካቶ የሚመላለስ የሰፈር ነጋዴም በትንሽ ኮሚሽን ይህን ይሠራል። ያ ካልሆነ የሚሠራ መሆኑን የሚያሳይ ቪዲዮ በዕለቱ ቀን እና በእናንተ ስም በወረቀት ተጽፎ አብሮ እንዲቀረጽ ጠይቁ፤ ግማሹን ብቻ ላኩ። የሚከፈልበት አካውንት ስም ከሱቁ ወይም ከሻጩ ስም ጋር የማይገናኝ ከሆነ እዚያው ተዉት።

ዕቃው መናኸሪያ ሲደርስ ከረዳቱ ፊት ክፈቱት፤ ስትከፍቱም ቪዲዮ ቅረጹ። ቤት ወስዳችሁ ከከፈታችሁት «መንገድ ላይ ነው የተሰበረው»፣ «አንተ ነህ የሰበርከው» የሚል ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ።

ስለኛ አካባቢ አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከፍለው ዕቃ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ሻጩን የሚያገኙበት አድራሻ አልነበራቸውም። ሁሉም ነገር ቴሌግራም ውስጥ ነበር። በ*127# ያለ ኢንተርኔትም ብር መላክ ይቻላል፤ የተጻጻፋችሁትን ግን አታገኙትም። የሻጩን ስልክ፣ የሱቁን ቁጥርና ሕንፃ፣ የክፍያውን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም ስላለ ለሠርግ ወይም ለበዓል የሚፈለግ ዕቃ በመጨረሻው ሳምንት አይታዘዝም።

በአባላት ብዛት መተማመን

የቻናል አባላት ብዛት በብር ተገዝቶ ሊጨመር ይችላል፤ ቻናሉ ራሱም ከነአባላቱ ይሸጣል። አስተያየት መስጫው የተዘጋ ቻናል ላይ ደግሞ ቅሬታ ያለው ሰው የሚጽፍበት ቦታ የለውም።

ቮልቴጅና ልክ አለመጠየቅ

የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120። አንድ ጸጉር ቆራጭ ዘመዱ እዚያ በኦንላይን ገዝቶ የላከለትን ቶንዶስ ሰካው፤ ጮኸ፣ ሸተተ፣ አበቃ። ዕቃው ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ችግር የለም። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ ቮልቴጅ መቀነሻ ሳይኖር አይሰካም።

ጫማ ስታዝዙ ቁጥሩን ብቻ አትንገሩ። ማታ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ ወረቀት ላይ ቆማችሁ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ለኩ። 255 ሚሊ ሜትር በቻይናው ልክ 41 ነው።

መድኃኒት፣ ፊት የሚያቀላ ክሬምና የሕፃን ወተት ግን በየትኛውም ዋጋ ከቻናል አይገዛም። እነዚህ ቢበላሹ የሚጎዳው ገላችንና ልጃችን ነው፤ የሚጠግን ሰው አይገኝም።

ሱቅ ስለሆነ ብቻ ያለ ደረሰኝ መግዛት

ሱቅም ኮፒ ይሸጣል። ልዩነቱ ነገም እዚያው መገኘቱ ነው፤ ያንን ጥቅም ደግሞ ያለ ደረሰኝ እንጥለዋለን። «ያለ ደረሰኝ ይቀነስልኝ» ብለን ያተረፍናት ጥቂት ብር መብታችንን ይዛ ትሄዳለች። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ስለተለጠፈ ዝም አትበሉ።

ባለፈው ክረምት ከጎዛምን የመጡ ሁለት ጎረቤታሞች የሶላር መብራት ይዘው ገቡ። የአንደኛው ከቻናል የታዘዘ ነው፤ ቻርጅ የሚቆጣጠረው ሰሌዳ ተቃጥሏል፣ የሻጩም ስልክ አይነሳም። የሁለተኛው ከማርቆስ ሱቅ፣ ከተገዛ ዘጠኝ ቀኑ ነው። «አያ፣ ደረሰኝ አለ?» አልኳቸው። ከኮታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት አወጡ። ሳልነካው ወደ ሱቁ ላክኋቸው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አዲስ ይዘው ጎረቤታቸውን ሊወስዱ ተመለሱ። የጎረቤታቸው መብራት እስከ ዛሬ መለዋወጫ እየጠበቀ መደርደሪያዬ ላይ አለ።