በባለእጀታ ምላጭ ራስን ሲላጩ፦ በአንድ እጅ ወይስ በሁለቱም?

በደብረ ማርቆስ ፀጉር ቤቶች ባለሙያው በባለእጀታ ምላጭ፣ ማለትም ስለቱ ከእጀታው ተዘርግቶ በሚወጣው ምላጭ፣ ሙሉውን ፊት በቀኝ እጁ ብቻ ሲላጭ ያየ ሰው፣ እቤቱም እንዲሁ ማድረግ የሚችል ይመስለዋል። ባለሙያው ግን በደንበኛው ዙሪያ እየተዘዋወረ ነው የሚሠራው፤ ራስዎን ሲላጩ ቀኝ እጅዎን ወደ ግራ ጉንጭዎ ካሻገሩ ክንድዎ መስተዋቱን ይጋርዳል፣ የምላጩም አያያዝ ይዛባል።

ስለዚህ ቀኝ ጉንጭዎን በቀኝ፣ ግራውን በግራ እጅዎ ቢላጩ ይሻላል እላለሁ። ያልለመደ እጅ መጀመሪያ ላይ መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ በመሆኑም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጆሮ ሥር እስከ ጉንጭ መካከል ባለው ሜዳማ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በአጭር በአጭሩ እየሳቡ ያለማምዱት። አገጭንና የላይኛውን ከንፈር ለለመደው እጅ ይተዉለት።

ምላጩን ያልያዘው እጅም ሥራ አይፈታም። ድርሻው ቆዳውን ምላጩ ከሚሄድበት በተቃራኒ ወጥሮ መያዝ ነው፤ አረፋ የነካቸው ጣቶች ስለሚያንሸራትቱ በደረቅ ፎጣ ይጥረጓቸው። ስለቱ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ያጋድል፤ ከዚያ አብዝቶ ከቆመ ይቆርጣል፣ አብዝቶ ከተኛ ደግሞ ጢሙን ይነጫል።

የደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርዳም ነውና ፊትዎን ብቻ ሳይሆን እጅዎንም አስቀድመው በሞቀ ውኃ ያፍታቱ። ምላጩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ መጀመሪያ ከፊትዎ ያርቁት፤ ቢያመልጥዎም ለመቅለብ ፈጽሞ አይሞክሩ።