&& እና «ኤንድ»ን ለራሳችን ክላስ ስንጽፍ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ለኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚለይ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍን ነው እንበል። አንዱ ማጣሪያ ከጅቡቲ የገቡትን፣ ሌላው ከ20 ቶን በላይ የሚመዝኑትን ያወጣል። ሁለቱን በአንድ ኦፕሬተር ማጋጠም ያምራል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተማሪዎች ሲሞክሩት የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

በሲ++ &&ን ኦቨርሎድ ማድረግ። ይህም ኦፕሬተሩ በራሳችን ክላስ ላይ ምን እንደሚሠራ እኛው መጻፍ ማለት ነው። ቋንቋው ይፈቅዳል፤ ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። የተለመደው && ግራው ሐሰት ከሆነ ቀኙን ዞር ብሎም አያይም። `አለ(ኮ) && ከባድ(ኮ)` ብለን በሰላም የምንጽፈው ለዚህ ነው፦ ወደ ኮንቴይነሩ የሚያመለክተው ፖይንተር «ኮ» ባዶ ከሆነ ክብደቱ አይጠየቅም። ሁለቱ ፋንክሽኖች «ውጤት» የሚባል የራሳችንን ክላስ ከመለሱና &&ን ኦቨርሎድ ካደረግንለት ግን ኦፕሬተሩ ተራ ፋንክሽን ይሆናል። ፋንክሽን ደግሞ ከመጠራቱ በፊት አርጉመንቶቹ በሙሉ ይሰላሉ። ስለዚህ `ከባድ(ኮ)` ባዶውን ፖይንተር ይነካና ፕሮግራሙ ይወድቃል።

«ከሲ++17 ወዲህ ግራው ቀድሞ ይሰላል» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። እውነት ነው፤ የተስተካከለው ግን ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ቀኙ አሁንም መሰላቱ አይቀርም። &&ን አትንኩት፤ ክላሱ ወደ ቡል (እውነት ወይም ሐሰት) እንዲቀየር ኤክስፕሊሲት ኦፕሬተር ስጡት፣ ከሲ++11 ጀምሮ አለ።

በፓይተን `__ኤንድ__` ጽፎ «ኤንድ»ን መጠቀም። ይሄኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ምንም አይጮህም። `__ኤንድ__` የ& ሜተድ ነው። «ኤንድ» እና «ኦር» ራሳቸው ኦቨርሎድ አይደረጉም፤ ይፈቀድ የሚለው የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ፣ ፔፕ 335፣ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ውድቅ ተደርጓል። `__ቡል__` ወይም `__ሌን__` ያልተጻፈለት ኦብጀክት ሁልጊዜ እውነት ስለሚባል `ጅቡቲ ኤንድ ከባድ` የሚመልሰው «ከባድ»ን ብቻ ነው። ሪፖርቱ ይወጣል፣ ከሞጆ የመጣው ኮንቴይነርም አብሮ ይወጣል። `__ቡል__` ውስጥ ኤረር ማስነሳት ይሻላል፤ ነምፓይ የተባለው የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ ከአንድ በላይ አባል ላለው አሬይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቅንፍ መርሳት። በፓይተን & ከ== እና ከ> ይቀድማል። `መነሻ == "ጅቡቲ" & ክብደት > 20` ብትሉ መጀመሪያ የሚሰላው `"ጅቡቲ" & ክብደት` ነው። ሁለቱንም ወገን በቅንፍ እሰሩ።

በ«ኖት» ፈንታ ~ን ቡል ላይ መጠቀም። ~ትሩ -2 ነው፤ -2 ደግሞ እውነት ነው። ፓይተን 3.12 ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ግራውን ኦብጀክት መለወጥ። & አዲስ ማጣሪያ ይመልስ። የግራውን ማጣሪያ ራሱን ካሻሻለ፣ ጠዋት ከ«ከባድ» ጋር ያጋጠማችሁት «ጅቡቲ» ከሰዓት ብቻውን ስትጠሩት ቀላሎቹን ይደብቃል።